ሌዘር ወይስ ሴዘር?

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ታናሽ ወንድሜ «ድምፅም እንደ ሌዘር ይሆናል እንዴ?» አለኝ። ይሆናል! ስሙም ሴዘር ነው።

ሌዘርን ሁላችንም እናውቀዋለን። የመጀመሪያውን ቴዎዶር ሜይማን በ1960 እ.ኤ.አ. ሩቢ በተባለው ቀይ የከበረ ድንጋይ ሠራው። ጨረሩ ባዶውን ጠፈር አቋርጦ ጨረቃ ደርሶ ይመለሳል።

ሴዘር የሚያበዛው ብርሃንን ሳይሆን ንዝረትን ነው። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዩክሬን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ጋሊየም አርሴናይድና አሉሚኒየም አርሴናይድ የተባሉ የሴሚኮንዳክተር ክሪስታሎችን እንደ ስስ ቅጠል ደራረቡ። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ኤሌክትሮኖች ከንጣፍ ወደ ንጣፍ እየዘለሉ፣ በውስጡ የሚያልፈውን ድምፅ እኩል እያስረገጡ ያበረቱታል። ድምፁ በሰከንድ 440 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ጆሯችን የሚሰማው እኮ ቢበዛ 20 ሺህ ነው!

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ዝግታው ነው። ድምፅ በክሪስታሉ ውስጥ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ የሞገዱ ርዝመት 11 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) አካባቢ ይሆናል። የሩቢ ሌዘር ቀይ ብርሃን 694 ናኖሜትር ነው። ሞገድ ባጠረ ቁጥር ይበልጥ ጥቃቅን ነገር መለየት ስለሚያስችል፣ የኮምፒውተር ቺፕን ውስጠኛ ንጣፍ ለመፈተሽ እኔ ሴዘርን እመርጣለሁ።

ከሐይቁ ማዶ ለመድረስ ከሆነ ግን ሌዘር ነው። ያን ያህል ቀጭን ድምፅ አየር ወዲያው ይውጠዋል።