ዲጂታል የኩሽና ሚዛን፦ ቤት ጋግሮ ለሚሸጥ ሰው

ደሴ ውስጥ ቤታቸው አምባሻና ድፎ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶች ሙያ አያንሳቸውም። የሚያንሳቸው የዛሬው ነገም እንደሚደገም ማመን ነው። ዱቄቱ በኩባያ፣ ጨው በእፍኝ፣ ውሃው በግምት ከሆነ፣ ሊጡ አንድ ቀን እምቢ ሲል ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ አይታወቅም። ያኔ ሰው የራሱን እጅ ይጠረጥራል። ለዚህ ነው ይህችን በሁለት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ የምትሠራ ነጭ ሚዛን አጥብቀን የምንመክረው።

ነፋ ብሎ የተሞላና ተጠቅጥቆ የተሞላ አንድ ኩባያ ዱቄት በቀላሉ 30 ግራም ይለያያሉ። ለአንድ ኪሎ ሰባት ጊዜ ሲሰፈር ልዩነቱ 210 ግራም ደረሰ ማለት ነው። ሊጡ አንዴ የሚፈስ፣ አንዴ የሚደርቀው በዚህ ነው።

ለአምባሻ ጥሩ መነሻ ይኸውና፦ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 620 ግራም ውሃ፣ 18 ግራም ጨው፣ 8 ግራም ደረቅ እርሾ። ሊጡ 1,646 ግራም ይመጣል፤ ሳይጋገር እያንዳንዱ 820 ግራም ገደማ የሆነ ሁለት አምባሻ ይወጣዋል። ዱቄቱ ውሃ የሚጠጣ ከሆነ 20 ግራም ውሃ እየጨመሩ ልኩን ደብተር ላይ ማስፈር ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናትና ብርዱ ኩፍ ማለቱን ያዘገየዋል፤ ክረምት ላይ ውሃው ለብ ይበል። ኮምቦልቻ ወርዶ ለሚጋግር ሙቀቱ ስለሚያፋጥነው እርሾውን ወደ 6 ግራም መቀነስ ይሻላል። ለሰርግ ሃያ አምባሻ ሲታዘዝ ሁሉንም በአሥር ማባዛት ብቻ ነው፤ የዱቄቱ ወጪ ስለሚታወቅም ዋጋ ሲጠየቁ ድምፅ አይንቀጠቀጥም። «አነሰ» የሚል ደንበኛ ቢመጣም መልሱ ደብተሩ ላይ አለ።

አሁን ወደ ጉድለቷ። ትልቁ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ ሲነሰንሱባት አትቆጥርም። እርሾ ቀስ እያሉ ከጨመሩ 8 ስትል ጎድጓዳው ውስጥ 11 ሊኖር ይችላል። መፍትሔው የእርሾውን ቆርቆሮ ከነክዳኑ ሚዛኗ ላይ አስቀምጦ ዜሮ ማድረግ፣ ከዚያ አንስቶ ቀንሶ መመለስ፤ -8 ካለች ልክ ነው። ሁለተኛው፣ ሳትነካ ከቆየች በራሷ ትጠፋለች፤ ዜሮ የተደረገውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የባዶ ጎድጓዳውን ክብደት ቀድሞ መጻፍ። ባትሪ ሲደክም ቁጥሩ ይዋልላል። ላስቲክ የተነጠፈበት ወላዋይ ጠረጴዛ ላይም አትታመንም። ድስት ከላይዋ ደራርቦ ማስቀመጥ ደግሞ ውስጧን አጣሞ ለዘለቄታው ሊያበላሻት ይችላል።

ስትገዙ ባለሱቁ ፊት ፈትኗት። ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያዙ፤ ባዶ ኩባያ አስቀምጣችሁ ዜሮ ካደረጋችኋት በኋላ አምስት ሙሉ ሲሪንጅ ውሃ ኩባያው ውስጥ ሲገባ 100 ግራም ማለት አለባት። አንድ ሁለት ግራም ይቅር ይባላል፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ይምጣ። ኩባያውን አራቱም ጥግ ላይ አዙሩት፤ ቁጥሩ ከተለያየ አትውሰዷት።

በርበሬና ሽሮ በብዛት ለሚያዘጋጅ ይህች አትሆንም። ለኪሎዎች ትልቅ ሚዛን ያስፈልገዋል፤ ይህችን ለኮረሪማና ለጥቁር አዝሙድ ብቻ ይያዛት።