ጭላዳ ለማየት ከጎንደር ደርሶ መልስ

እህቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ፋሲል ግቢንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን በአንድ ቀን ጨርሳ "አሁንስ ምን ቀረ?" ስትለኝ ስሜን ተራሮች ወሰድኳት፣ ጎንደር ተወልጄ አድጌ እኔም መሄዴ ገና የመጀመሪያዬ ነው፣ ሲያሳፍር።

መኪናውን ከነሹፌሩ ያመቻቸልን ፒያሳ ያገኘነው አንድ አስጎብኚ ነው። ለ11 ሰዓት ተቀጣጥረን 12 ተኩል መጣ፣ ይቅርታ እንኳን የለም። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ እዛ ፓርክ ቢሮው ተመዝግባችሁ መግቢያ ከፍላችሁ መሳሪያ የያዘ ስካውት ይሰጣችኋል።

ፓርኩ ውስጥ ቡይት ራስ የምትባል ቦታ ስንደርስ ግን በቃ ንዴቴ ሁላ ጠፋ። የጭላዳው መንጋ ሜዳው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ ሣር በጣቱ እየነጨ ይበላል፣ በጣም ቅርብ ስለሆነ ሣሩ ሲበጠስ ድምፁ ራሱ ይሰማል፣ ወንዱ ጎፈሬው ትከሻው ላይ ተዘናፍሎ ደረቱ ላይ ያቺ ቀይ ነገር፣ ሰው መኖሩንም ከቁብ አይቆጥር። እህቴ "ዝንጀሮ" ስትል ቀኑን ሙሉ ዝም ያለው ስካውት "ጭላዳ በይ እንጂ" አላት ቆጣ ብሎ። እውነቱን ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም የለም።

ዋልያ አላየንም። እሱን ለማየት ፓርኩ ውስጥ ራቅ ብሎ እስካለው ጨነቅ ካምፕ መዝለቅ ይሻላል፣ ለደርሶ መልስ ይከብዳል፣ ሳንቃበር ካምፕ ማደር ነው። ጃኬት አትርሱ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ብርዱ አይቻልም። የመንገዱንም ሁኔታ ቀድማችሁ አጣሩ። ምሳ ደግሞ ከቤት ያዙ፣ እኛ የቋጠርነው ድርቆሽ ፍርፍር ነው ያዳነን፣ ስካውቱም ሳይጋበዝ አልቀረም።