«ሙሉ ስብስብ» እየተባለ የሚሸጥ ያገለገለ የሮኬት ሞተር፦ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ትልልቅ ሮኬት የምታስወነጭፉም ሆነ ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ እቺን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳትልኩ። በግለሰቦች ገበያ ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ እየተደጋገመ ነው። ያገለገለ የአሉሚኒየም ሞተር ቀፎ፣ ክዳኖቹ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ጥቂት ሪሎድ (በየበረራው የሚሞላው ነዳጅና ተጓዳኙ) ተመርቆበት በአንድ ዋጋ። «ሙሉ ስብስብ ነው፣ ዛሬውኑ ማስወንጨፍ ትችላለህ» ይላል። ዋጋው ከአዲሱ ግማሽ አይሞላም። ምራቅ ያስውጣል። እኔም ገዛሁ። ምን እንደደረሰኝ ልንገራችሁ።

ለአዲሶች በአጭሩ። እንደገና የሚሞላ ሞተር ሁለት ወገን አለው። አንዱ ሁሌም የሚቆየው ነው፤ ቀፎው፣ የፊት ክዳኑና የኋላ ክዳኑ። ሌላው በየበረራው የሚያልቀው ነው፤ ሪሎድ የምንለው። ሪሎዱ ውስጥ የጠጣር ነዳጅ ቁራጮች (ግሬን እንላቸዋለን)፣ እነሱን ከቀፎው የሚለይ ላይነር፣ ጋዙ የሚወጣበት ኖዝል፣ የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶች (ኦሪንጎች)፣ ማዘግያና ፓራሹቱን ገፍቶ የሚያስወጣ ጥቁር ባሩድ አለ። ነዳጁ አሞኒየም ፐርክሎሬት ከጎማ መሰል ማያያዣ ጋር ተቦክቶ የደረቀ ነው። ብዙውን ጊዜ የአሉሚኒየም ዱቄትም ይገባበታል። ሲነድ ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የቀፎው አሉሚኒየም ግን 660 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል። ታዲያ እንዴት ይተርፋል? ላይነሩና ኦሪንጎቹ እሳቱን ስለሚያግዱለት፣ ቃጠሎውም ባብዛኛው በጥቂት ሰከንድ ስለሚያልቅ ነው። ይህን ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ውሸት ማስታወቂያው ላይ ራሱ ነበር። «እስከ ኬ ሞተር ድረስ ይችላል» ይላል፤ ፊደሉ የሞተሩን የጠቅላላ ግፊት ደረጃ ነው የሚናገረው። ቀፎው ሲመጣ ላዩ ላይ የተቀረጸው 38/720 ነው። በዚህ አሰያየም 38 የሞተሩ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 720 ደግሞ ቀፎው የሚይዘው የጠቅላላ ግፊት መጠን (የሚገፋበት ኃይል በሚገፋበት ጊዜ ተባዝቶ) በኒውተን ሰከንድ። ኬ የሚጀምረው ከ1,280 በላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀፎ ኬ አይወጣም። ጄ ይወጣል፣ እሱም ከታችኛው ጫፍ።

ፊደሎቹ ለእንዲህ ያለ ሻጭ ይመቻሉ። እያንዳንዱ ፊደል ከፊተኛው እጥፍ ነው። ኤች ከ160 እስከ 320፣ አይ እስከ 640፣ ጄ እስከ 1,280፣ ኬ እስከ 2,560 ኒውተን ሰከንድ ይሄዳል። 650 ያለውም ጄ ነው፣ 1,250 ያለውም ጄ ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ አማካይ የግፊት ኃይሉን ነው የሚናገረው። ጄ 350 ማለት በአማካይ 350 ኒውተን የሚገፋ ማለት ነው፤ ለስንት ጊዜ እንደሚገፋ አይነግራችሁም። ሻጩ ትልቁን ቁጥር እየጠራ ሲያስጎመጃችሁ «ጠቅላላው ስንት ኒውተን ሰከንድ ነው?» በሉት። ካላወቀ ወይ ዕቃውን አያውቀውም፣ ወይ እናንተ እንድታውቁ አይፈልግም።

እስከዚህ ድረስ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው ግን ሐሳቤን ቀየርኩ።

የኋላ ክዳኑ በግድ ነው የተፈታው። ውስጡን በብርሃን ሳየው፣ ከኖዝሉ መቀመጫ አጠገብ አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ለቋል። አኖዳይዝድ የተደረገው (ብረቱን የሚከላከለው ባለ ቀለም) ሽፋን ደብዝዞ ግራጫ ሆኗል። በካሊፐር ስለካው እዚያው ቦታ ላይ ቀፎው ክብነቱን አጥቷል፤ ወደ ውጭ ትንሽ አብጧል። በዓይን አይታይም፣ በጣት ግን ይታወቃል። ለሻጩ ፎቶ ላክሁለት። «ጥላሸት ነው፣ በሳሙና እጠበው» አለኝ። ጥላሸት ይታጠባል። ይሄ አልታጠበም።

ምን ሆኖ ነው? ከቀድሞ በረራዎቹ በአንዱ እሳቱ ላይነሩን ወይም ኦሪንጉን አልፎ ብረቱን ነክቶታል። ለእነዚህ ቀፎዎች የተለመደው አሉሚኒየም 6061 ቲ6 የሚባለው ነው። ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተሰጠው የሙቀት ሕክምና ነው። ከ200 ዲግሪ ብዙ ሲያልፍ ያ ጥንካሬ ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ አይመለስም። ሞተሩ በሚነድበት ጊዜ ውስጡ ያለው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከከባቢ አየር ግፊት ከ30 እስከ 70 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የለሰለሰ ቀፎ ይህን ሊሸከም አይችልም። ቢቀና በሮኬታችሁ ላይ ይፈነዳል። ባይቀና ሰው ባለበት።

እንዲህ ስል ያገለገለ ቀፎ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በደንብ የተያዘ ቀፎ ለብዙ ዓመታት ይበራል። የክለብ ወዳጆቼ የሸጡልኝን እስካሁን እጠቀምበታለሁ። ግን ያገለገለ የጋዝ ሲሊንደር ከማያውቁት ሰው እንደመግዛት ነው፤ ዋናው ነገር ማን እንደያዘው፣ ምን እንደገጠመው ማወቅ ነው። ፎቶ ይህን አይናገርም።

ወደ ክዳኑ ልመለስ። በግድ የተፈታበት ምክንያት የሌላ አምራች ስለሆነ ነው። ጥርሱ ለዚያ ቀፎ አልተሠራም፤ በጉልበት አስገብተውት ሁለቱንም በልቷቸዋል። ሻጩ «ሠላሳ ስምንት ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ። አንድ አይደለም። 38 ስፋቱ ብቻ ነው። ርዝመቱ፣ ጥርሱ፣ የኦሪንግ መቀመጫው ከአምራች አምራች ይለያያል። የሞተር ምስክርነት የሚሰጡት ማኅበራትም የሚያጸድቁት ሪሎዱን ከተወሰነለት ቀፎ ጋር አድርገው ነው። ለሌላ አምራች ሪሎድ በፈቃድ የተሠሩ ቀፎዎች አሉ፣ ግን በዝርዝር የታወቁ ናቸው። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነውን ይዛችሁ ሜዳ ብትሄዱ የደኅንነት ኃላፊው ይመልሳችኋል። መመለሱም ደግ አደረገ።

ሪሎዶቹስ? ፌስታላቸው ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። የመገጣጠሚያ መመሪያው ወረቀት የለም። ኦሪንጎቹ ከሌላ ቦታ የተለቃቀሙ ናቸው፤ ውፍረታቸው እንኳ አይመሳሰልም። ከሁሉ የከፋው አንዱ ግሬን ተሰንጥቋል። ስንጥቅ እንደ ቀላል ነገር እንዳታዩት። ነዳጁ የሚነደው በገጹ ላይ ነው። ስንጥቁ ተጨማሪ ገጽ ይከፍታል፣ ጋዙ በአንዴ ይበዛል፣ ግፊቱ ይዘላል። ብዙ ሞተር የሚፈነዳው እንዲህ ነው። ዕድሜ ብቻውን ያን ያህል አያስፈራኝም፤ በፋብሪካ እሽጉ በደረቅ ቦታ የተቀመጠ ነዳጅ ረጅም ዓመት ይቆያል። የተከፈተ እሽግ ግን ሌላ ነው። እርጥበት የጎበኘው ባሩድ ፓራሹቱን ላያስወጣ ይችላል። ያኔ ብዙ ኪሎ የሚመዝን ሮኬት በአፍጢሙ ይመጣል።

አሁን ዋናው ምልክት። ይህ ሰው አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም። ደረጃህ ስንት ነው? የምስክር ወረቀት አለህ? የት ነው የምታስወነጭፈው? ምንም። በአሜሪካ ናሽናል አሶሲዬሽን ኦፍ ሮኬትሪና ትሪፖሊ ሮኬትሪ አሶሲዬሽን የሚሰጡት ምስክርነት ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው ለኤችና አይ፣ ሁለተኛው ለጄ፣ ኬና ኤል፣ ሦስተኛው ከኤም ጀምሮ ላለው። ካናዳና እንግሊዝም የራሳቸው ማኅበርና አሠራር አላቸው። ሕጋዊ ነጋዴ ከገንዘቡ በፊት የሚጠይቀው ይህን ነው። ሻጩ ሳይጠይቃችሁ ሪሎድ ሊልክላችሁ ከተስማማ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ይህን ሳነሳበት የሰጠኝ መልስ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስላል። «ፍርድ ቤት እኮ ነጻ አድርጎታል» አለ። እውነት የሆነ ቁራጭ አለበት። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለሁለቱ ማኅበራት ፈርዶ ይህ ነዳጅ ከፈንጂዎች ዝርዝር እንዲወጣ ምክንያት ሆኗል። ያ ግን የፈንጂ ፈቃድ ጉዳይ ነበር። የምስክርነት ደረጃውን አላነሳም። የአየር ክልል ፈቃዱን አላነሳም። የማጓጓዣ ደንቡንም አላነሳም። ሪሎድ በአደገኛ ዕቃ ደንብ ነው የሚጓዘው። የእኔ ሳጥን ላይ የተጻፈው ግን «የመኪና መለዋወጫ» ነው። ይህ ሳጥን በመንገዱ ላይ በማን አጠገብ እንዳለፈ ሳስበው እናደዳለሁ።

ገንዘቤን ጠየቅሁ። «ያገለገለ ዕቃ አይመለስም» አለና ዘጋኝ። ስከፍል «ለወዳጅ እንደሚላክ አድርገህ ላክልኝ፣ ኮሚሽን እንዳይቆርጡብን» ብሎኝ ነበር። ልብ በሉ፣ በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የገዢ ዋስትና የለውም። ኮሚሽኗ ማለት ዋስትናዋ ነበረች። ቀፎውን ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ በመጋዝ ቆርጬዋለሁ። ሪሎዶቹን ለክለቡ አንጋፋ ሰጠሁ፤ አወጋገዱን እሱ ያውቅበታል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ከግለሰብ ቀፎ ግዙ፣ ሪሎድ ግን ከነጋዴ ብቻ። ብዙ ነጋዴዎች ሜዳው ድረስ ይዘው ስለሚመጡ የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ ክፍያውም ይቀርላችኋል። ቀፎውንም ቢሆን ለመጀመሪያ በረራ መዋስ ይሻላል። ክለብ ውስጥ የሚያውስ አይጠፋም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ወጪው የሚደጋገመው ሪሎዱ ላይ ነው፤ ቀፎ አንዴ ይገዛል። ግማሽ ዋጋ አተረፍኩ ያላችሁት በሁለት ሦስት ወቅት ዋጋውን በሚመልስ ዕቃ ላይ ነው።

ሻጩ በሌላ ስም ያንኑ ዓይነት ስብስብ እንደገና ለጥፏል። ፎቶዎቹ ሁሉ ከጎን የተነሱ ናቸው። ክዳኑ በአንዱም ላይ አልተፈታም፣ የተቀረጸው ቁጥርም ወደ ጠረጴዛው ዞሯል። ሌላ ነገር አትከራከሩ። ሁለቱም ክዳን ወልቆ፣ ቀፎው ወደ ብርሃን ተይዞ፣ ውስጡ ከኋላ በኩል የሚታይበት አንድ ፎቶ ጠይቁ። ካልላከ ተዉት።