ለውሻ የሚመዘነው የልኳንዳ ጥሬ ሥጋ ደረቁን ምግብ ይተካል?

አዲስ አበባ ውስጥ ልኳንዳ ገብቶ «ለውሻ የሚሆን» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመዘንለት ጅማት፣ ሞራ፣ የሳንባ ቁራጭና ሲገኝ ትንሽ ጉበት ነው። ኪሎ በኪሎ ሲተያይ ከውጭ ከሚገባው ደረቅ ምግብ ይረክሳል። ሆኖም ሥጋ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ውሻው የሚበላው እጥፍ ገደማ ነው፤ የዋጋው ልዩነት የሚታሰበውን ያህል አይሰፋም። ውሻው እንደሆነ ሳህኑን ልሶ ነው የሚነሳው፤ ያ ግን ምግቡ መሟላቱን አይናገርም።

ከፌስታሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ሳንባና ጉበቱ ነው። በከብትና በበግ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው፤ እሱም ኢኪኖኮከስ የሚባለው የውሻ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ አድጎ በስድስት ሳምንት ገደማ እንቁላል መጣል ይጀምራል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩና በፀጉሩ በኩል ልጆች እጅ ላይ ይደርሳል፤ ሰው ሲውጠው በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ውሻው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አይታይም። «እኛስ ቁርጥ እንበላ የለ?» ለሚል፣ ከበሬ ሥጋ የሚይዘን ኮሶ ውሻ ውስጥ አያድግም፤ የውሻው ጣጣ ሌላ ነው። ስለዚህ የሆድ ዕቃው በሙሉ፣ ልብም ጭምር፣ 30 ደቂቃ ይቀቀል። ጥሬ የሚቀርበው ቀይ ሥጋው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒት በውሻው ክብደት በኪሎ 5 ሚሊግራም ሒሳብ በየስድስት ሳምንቱ ይሰጥ፤ የእንስሳት ሐኪም ይመዝንላችሁ።

ሁለተኛው ጉድለት ካልሲየም ነው። ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ሰውነት የጎደለውን ከራሱ አጥንት እየሳበ ይሞላል። አዮዲንና ቫይታሚን ኢም ያንሳሉ። ለዚህ ነው ደረቁን ጨርሶ ከመጣል ሲሶውን ማስቀረት የሚሻለው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን 90 ግራም ደረቅ ምግብ፣ 300 ግራም ቀይ ሥጋ፣ 15 ግራም ጉበት፣ 15 ግራም ኩላሊት ወይም ጣፊያ፣ እንዲሁም ታጥቦ ደርቆ እንደ ዱቄት የላመ የእንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ገደማ ይበቃዋል። በየሁለት ሳምንቱ መዝኑትና ከሳ ወይም ወፈረ ካላችሁ አስተካክሉ።

ሽግግሩ አይቸኮልበትም። ለሦስት ቀን ሩቡ ሥጋ ይሁን፣ ለሦስት ቀን ግማሹ፣ ከዚያ ሁለት ሦስተኛው። ጉበት ከሁለተኛው ሳምንት በፊት አይግባ። ተቅማጥ ከያዘው ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የስብ ወይም የጉበት ብዛት ነው፤ ወደ ቀድሞው መጠን ሁለት ቀን መልሱት። ላትና ሞራ ደግሞ ተገፎ ይጣል፤ ድንገት የበዛ ስብ ቆሽቱን ያስቆጣል። ደጋግሞ ካስመለሰውና ሆዱን ሲነኩት ከጮኸ ሐኪም ቤት ነው፣ ጠብቆ ማየት የለም። ውሃ መጠጣት መቀነሱ ግን አያስደንግጥ፣ ከሥጋው እያገኘ ነው።

ባለልኳንዳው መርቆ የሚጨምረውን ቅልጥም አትቀበሉ፣ ጥርስ ይሰብራል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል።

ፍሪዘር ሳልሞኔላን፣ በጥሬ ሥጋ የሚገኘውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ፣ አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። በቀን በቀኑ መጠን ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፤ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይሟሟ፤ በግማሽ ሰዓት ያልበላው ይነሳ፤ ሳህኑ በሳሙና ከታጠበ በኋላ በቀጠነ በረኪና ይለቅለቅ። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም በሽታ የመቋቋም አቅሙ የደከመ ሰው ያለበት ቤት ሥጋውን በሙሉ ቀቅሎ ቢሰጥ ይሻላል፤ ውሻው ቅር አይለውም።

ለቡችላ፣ በተለይ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ላለ ትልቅ ዝርያ፣ ይህ አመጋገብ አይሆንም። የካልሲየሙ ሚዛን ትንሽ ሲዛባ እግሩ ይጣመማል፤ እስኪያድግ ለቡችላ የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ ይብላ።

አቅርቦቱም የሚታመን አይደለም። በዐቢይ ጾም ብዙ ልኳንዳ 55 ቀን ይዘጋል፤ ለዚያ ጊዜ ቀይ ሥጋው ብቻ 16 ኪሎ ተኩል ነው፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ይህን ያህል ማከማቸት አይመከርም። የሙስሊም ሥጋ ቤት በቅርብ ከሌለ ከቅበላው ሳምንት ጀምሮ ደረቁን እየጨመሩ ወደ እሱ መመለስ ነው፤ በአንድ ጀንበር የተመለሰ ውሻም ተቅማጥ ይይዘዋል።