የካምፓስ ውሃ አቅርቦት ሲመዘን፦ የምድር ታንከር፣ ፓምፕና የጣሪያ ሮቶ

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው ዳገት ላሉ ግቢዎች የሚስማማው የተለመደ አሠራር ይህ ነው፤ በፈረቃ የሚመጣው የከተማ ውሃ በምድር ታንከር ይጠራቀማል፣ ፓምፕ ወደ ጣሪያ ሮቶዎች ይገፋዋል፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ወደየክፍሉ ይወርዳል። እንደ አገልግሎት ከ5 4 ይገባዋል፤ ፈረቃውን ያሻግራል፣ ጥገናውንም ማንኛውም የቧንቧ ሠራተኛ ይችለዋል። በአካባቢ ላይ በሚያደርሰው ጫና ግን ከ2 በላይ አንሰጠውም፤ የዚህ ምክንያት ግን ፓምፑ ሳይሆን በከንቱ የሚፈሰው ውሃ ነው።

1 ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ለማንሳት በስሌት 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፤ የፓምፑና የሞተሩ ብክነት ሲታከልበት ወደ 0.5 ይጠጋል። 20 ሜትር ከፍታ ላለው የማደሪያ ሕንፃ 0.1 ገደማ መሆኑ ነው። የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ግን መሃል ከተማ ለመድረስ 300 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይገፋል፤ ግቢው በር ሳይደርስ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ወጥቶበታል። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች ውሃም ቢሆን ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። ግቢ ውስጥ በከንቱ የሚፈስ ውሃ ይህን ሁሉ ወጪ ይዞ ይፈሳል።

ዋናው ጥፋተኛ የሮቶው ፍሎት ቫልቭ፣ ማለትም ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ፣ ነው። ፈረቃ ሲቋረጥና ሲመለስ ደለል ይመጣል፣ ጎማው ይበላል፣ ቫልቩ አይዘጋም። በደቂቃ 10 ሊትር ብቻ ቢያፈስ በ8 ሰዓት 4,800 ሊትር ይሄዳል፤ አንድ ባለ 5,000 ሮቶ ማለት ይቻላል። የትርፍ ውሃ ቧንቧው ወደ ጣሪያ አሸንዳ ስለሚገባ ማንም አያይም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ቧንቧውን አውጥቶ ጥበቃው በሚያየው ቦታ እንዲፈስ ማድረግ፣ ጎማውን በየ6 ወሩ መፈተሽ።

ፍሳሹን ለመለካት የከተማውን ቆጣሪ ብቻ አትመኑ። ውሃ ከፈረቃ ሲመለስ ቧንቧው ውስጥ የታሰረው አየር ቆጣሪውን ያዞረዋል። ይልቅ ተማሪ ሲተኛ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሮቶውን መግቢያ ዝጉና የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉ፤ በ10 ሰዓት ደግማችሁ ለኩ። ዲያሜትሩ 1.8 ሜትር በሆነ ሮቶ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ 25 ሊትር ነው። 12 ሳንቲ ሜትር ከወረደ በሰዓት 100 ሊትር እየጠፋ ነው። ከሮቶው በታች የመጀመሪያ ተጠርጣሪው ሽንት ቤት ነው፤ የውሃ ሳጥኑ ውስጥ ቀለም ጠብ አድርጋችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ሳይለቀቅ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ የታችኛው ጎማ አልቋል። ክፍት የተተወ ቧንቧም አለ፤ ውሃ ሲጠፋ የተከፈተው ሌሊት ሲመለስ ዝም ብሎ ይፈሳል።

የውሃ ቦቴ ለአደጋ ጊዜ ብቻ ነው። 10 ሜትር ኩብ ጭኖ ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 10 ሊትር ያህል ናፍጣ ያቃጥላል ብንል፣ ለ1 ሜትር ኩብ 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። 170 ሜትር የሚያነሳ የግቢ ጉድጓድ በጄኔሬተር እንኳ ቢሠራ ከዚህ ከሲሶው ያነሰ ይለቃል፤ በመብራት ሲሠራ ደግሞ አብዛኛው ኃይላችን ከውሃ ግድብ ስለሆነ በጣም ይቀንሳል። ሆኖም ጉድጓድ መቆፈር በቀላሉ የሚወሰን አይደለም። መብራት ቢበቃም የከርሰ ምድሩ ውሃ ሊሸሽ ይችላል፤ የውሃውን ደረጃ መለኪያ ቀጭን ቱቦ ከፓምፑ ጎን ሳይወርድ የተተከለ ጉድጓድ አትረከቡ። ያ ቱቦ ከሌለ መቀነሱ የሚታወቀው ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ነው።

እጅግ የሚያስቆጨን የክረምቱ ዝናብ ነው። በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ብክነቱ ሲቀነስ 880 ሜትር ኩብ ያህል ይሰጣል። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ ለበጋ ማከማቸት አያዋጣም፤ በዚያው በክረምት ለሽንት ቤትና ለጽዳት ይዋል። ከደረቅ ጊዜ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ 2 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 2,000 ሊትር፣ ከእርግብ ኩስና ከቅጠል ጋር ወደ ውጭ ልቀቁት። መስመሩ ከመጠጥ ውሃው ጋር በቫልቭ እንኳ አይገናኝ፤ በፈረቃ ጊዜ ዋናው ቧንቧ ባዶ ሲሆን የዝናቡን ውሃ ወደ ኋላ ይስባል።