ዘጠኝ ወር ከክዊርክል ጋር፦ አምስት ደርድሮ የተወ አጎረሰ

እህቴ ለገና ከአሜሪካ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ የልጆች ጫማ፣ የእማዬ ቫይታሚንና አንድ ካርቶን ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የጨርቅ ከረጢት፣ ከረጢቱ ውስጥ 108 ጥቋቁር እንጨቶች። በቃ። ሰሌዳ የለው፣ ካርታ የለው። «ይሄ ነው ጨዋታው?» አልኩ በሆዴ።

ስሙ ክዊርክል ነው። የፈጠረችው ሱዛን ማኪንሊ ሮስ ትባላለች። በፈረንጆቹ 2006 ገበያ ላይ ዋለ፤ በ2011 ደግሞ ጀርመኖች «የዓመቱ ጨዋታ» ብለው የሚሰጡትን ሽልማት ወሰደ። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከተለከፍኩ በኋላ ነው።

እኛ ቤት እንጨቶቹን «ጠጠር» ነው የምንላቸው፣ እንደ ገበጣው። እያንዳንዱ ጠጠር ላይ አንድ ቅርጽ በአንድ ቀለም አለ። ስድስት ቅርጽ በስድስት ቀለም፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት ጠጠርም ሦስት ሦስት። ሁሉም ሰው ስድስት ጠጠር ይይዝና ተራው ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ካለው ጋር ያገጣጥማል። አንድ መስመር ውስጥ ወይ ቀለሙ አንድ ሆኖ ቅርጹ ይለያያል፣ ወይ ቅርጹ አንድ ሆኖ ቀለሙ ይለያያል። ነጥቡ የመስመሩ ርዝመት ነው፤ አንዷ ጠጠር ሁለት መስመር ከነካች ለሁለቱም ትቆጠራለች። መስመሩ ስድስት ሲሞላ ግን ስድስት ምርቃት ይታከልና 12 ይሆናል። የሚነበብ ነገር ስለሌለው እማዬም፣ የስድስት ዓመቱ ልጄም በአንድ ማታ ገባቸው።

ጣጣው ሁሉ ያለው እዚህ 12 ላይ ነው። አምስት ደርድሮ የተወ ሰው አምስት ነጥቡን ይዞ ይቀመጣል። ስድስተኛዋ ጠጠር ያለችው ቀጣዩ ሰው ግን አንዲቷን ብቻ ጠቅ አድርጎ 12 ይወስዳል። እማዬ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ስታደርግ የነበረው ይህንን ነው። አምስት ትሠራለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ትንሹ ልጄ ይዘጋዋል። «አጎረስሽው እኮ!» አለቻት እህቴ አንድ ማታ። ከዚያ ወዲህ አምስት ላይ መተው እኛ ቤት «ጉርሻ» ሆኖ ቀረ።

ቀስ በቀስ ሁላችንም ነቃን። ስንነቃ ደግሞ ጨዋታው ከበደ። አምስት መሥራት የሚደፍር ጠፋ። ጠረጴዛው በባለ አራት መስመር ይሞላል፣ ሁሉም ዳር ዳሩን እየዞረ ሁለት ሦስት ነጥብ ይለቅማል። ባለቤቴ አንዲት ጠጠር እስኪያስቀምጥ ጀበናው ይፈላል። መጀመሪያ ለአራት በ45 ደቂቃ የምንጨርሰው አሁን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በመጋቢት አካባቢ ሰልችቶኝ ከረጢቱን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅዬው ነበር።

ያወረደችው የ11 ዓመቷ ልጄ ናት። አንድ ቀን አምስት ሠርታ ዘና ብላ ተቀመጠች። «አጎረስሽ!» ብለን ስንጮህ ጠረጴዛውን በጣቷ አሳየችን። መስመሩን የምትዘጋው ሰማያዊ ኮከብ ብቻ ናት፤ ሦስቱም ሰማያዊ ኮከቦች ወጥተው ሌላ መስመር ላይ ተኝተዋል። የሚዘጋው የለም። ለካ ከመፍራት በፊት መቁጠር ነበረብን! አራት ወር ሙሉ ከእያንዳንዱ ሦስት ብቻ እንዳለ እያወቅን ማናችንም አልቆጠርንም። ከዚያ በኋላ ጨዋታው እንደ አዲስ ተጀመረ። በተለይ ለሁለት ሲሆን ትንቅንቅ ነው። ለአራት ሲሆን ዕድል ይበዛበታል፤ ቼዝ የለመደ ሰው ሊናደድ ይችላል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከረጢቱ በብዛት የሚወጣው መብራት ሲጠፋ ነው። ክረምቱን ስንቴ እንደወጣ አትጠይቁኝ። በሻማ ብርሃን ደግሞ ቀዩና ብርቱካኑ አንድ ናቸው። ሰማያዊውና ሐምራዊውም ቢሆኑ ያን ያህል አይራራቁም። አንድ ማታ ስድስት ክብ ደርድሬ 12 ወሰድኩ፣ ጨፈርኩም። መብራት ሲመጣ ሁለቱ ቀይ ሆነው ተገኙ። ተመላሽ። አሁን የስልክ ባትሪ ከላይ እናበራበታለን። ቤታችሁ ቀለም መለየት የሚቸግረው ሰው ካለ ግን ይህን ጨዋታ አትግዙ፤ ቅርጹ ብቻውን አያድነውም።

ጥንካሬው ላይ አቃቂር አላወጣም። ሽሮ ተደፍቶበት በእርጥብ ጨርቅ ጠርገነዋል፤ ቀለሙ አልተነሳም። ነጥብ መጻፊያ ወረቀት ስለሌለው የልጆቹን ደብተር እንጨርሳለን፣ ያው።

ሐምሌ ላይ አንዲት ጠጠር ጠፋች፤ ብርቱካን አበባ። ልጁ እንደ ዳማ በቆርኪ ተካት፣ ቀለምም ቀባት። ነገር ግን ቆርኪ ከረጢት ውስጥ በእጅ ይለያል። ብርቱካን አበባ ሲያሻው እጁ ሳይሳሳት ሲያወጣት ጊዜ ገባንና አገድናት። አሁን በ107 እንጫወታለን፣ ምንም አልጎደለበትም። እንግዳ ሲመጣ ብርቱካን አበባ ሁለት ብቻ እንደሆነች ቀድመን እንናገራለን። የ11 ዓመቷ ባይነገር ትመርጣለች።

እማዬ ዛሬም ታጎርሳለች። መቁጠር አቅቷት እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ከእሷ ቀጥዬ ስቀመጥ አንዲትም አምስት ትታልኝ አታውቅም። ባለፈው እሑድ ልብ ብዬ ሳያት፣ ጠጠሩ ከመታደሉ በፊት ወንበሯን ይዛ ተነስታ ከትንሹ ልጄ በፊት ተራዋ እንዲደርስ አድርጋ ተቀመጠች።