«የባህር ውሃ የሚችል» የተባለውን ዋተርፕሩፍ ከመግዛታችሁ በፊት

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ቤዝመንት ለሚያስቆፍር ወይም የምድር ውሃ ማጠራቀሚያ ለሚያሠራ ሰው በደላላ በኩል የሚቀርብ የዋተርፕሩፍ ዕቃና ሥራ ጥቅል አለ። «ለባህር ውሃ የተሠራ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የተፈተነ፣ የ10 ዓመት ዋስትና ያለው» ይሉታል፤ ከነሠራተኛው በካሬ ይታሰባል። ዋጋው ከተራው ዋተርፕሩፍ በብዙ ይበልጣል። ቀብድ አትስጡ።

የባህር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። አርማታን የሚጎዳውም ዋናው ነገር ክሎራይዱ ነው። ሲሚንቶ ፌሮውን ከዝገት የሚጠብቅ ስስ ሽፋን ይፈጥርለታል፤ ክሎራይድ ዘልቆ ሲገባ ያንን ሽፋን ይበሳዋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ይህ ለጅቡቲና ለምጽዋ እውነት ነው። የአዲስ አበባን ቤዝመንት የሚያስቸግረው ግን የክረምት ዝናብና የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ለሌለ ጨው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ምክንያት የለም።

ማሳመኛቸው ግድግዳ ላይ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ነው። በጣታቸው ጠረግ አድርገው «ይኸው፣ ጨው በልቶታል» ይላሉ። ዱቄቱን በቢላ ፍቃችሁ ብርጭቆ ላይ አድርጉና አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከደፈቀ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ውሃ ከራሱ ከሲሚንቶው አጥቦ ያወጣው ኖራ አየር አግኝቶ እንዲህ ይሆናል። ውሃ እየዘለቀ መሆኑን ያሳያል፤ የባህር ጨው መኖሩን ግን አያሳይም።

የሚብሰው በጀሪካን የሚመጣው ፈሳሽ ነው። አምራቹ፣ የምርት ቀኑና ይዘቱ አልተጻፈበትም፤ ባዶ ጀሪካንና ባልዲ ደግሞ ምናለሽ ተራ እንደልብ ይገኛል። «አርማታው ሲቦካ ጨምሩበት፣ ውሃ አያሳልፍም፣ ቶሎም ይደርቃል» ሲሏችሁ «ቶሎ» የምትለዋ ላይ ጆሯችሁን አቁሙ። አርማታን በርካሽ ቶሎ የሚያስይዘው የታወቀ ኬሚካል ካልሲየም ክሎራይድ ነው፤ እሱ ራሱ ጨው ነው። በተለመደው መጠን፣ ማለትም ከሲሚንቶው ክብደት 2 በመቶ ሲጨመር፣ ለ50 ኪሎ ከረጢት 1 ኪሎ ይገባል፤ ኬሚካሉ ውሃ ያልያዘው ደረቅ ዓይነት ከሆነ ከዚያ ውስጥ 640 ግራም ያህሉ ክሎራይድ ነው። የአውሮፓ ደረጃ ፌሮ ላለው አርማታ የሚፈቅደው ቢበዛ ከሲሚንቶው 0.4 በመቶ ነው፤ ለአንድ ከረጢት 200 ግራም መሆኑ ነው። ባህር በሌለበት ከተማ ከፍላችሁ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨው ፌሮው ዙሪያ አስቀመጣችሁ ማለት ነው። አንዴ አርማታው ውስጥ ከገባ ደግሞ ከላይ ምንም ቢቀባ አያወጣውም።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ላቦራቶሪ ውስጥ ፈሳሹ በዲስቲልድ ውሃ ቀጥኖ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ፣ ቀጥሎ ሲልቨር ናይትሬት ይንጠባጠብበታል፤ እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ ከረጋ ክሎራይድ አለበት። በቧንቧ ውሃ አይሞከር፤ የቧንቧ ውሃ ራሱ ክሎራይድ ስላለው ያሳስታል። ሻጩ ናሙና አልሰጥም ካለ መልሱን አገኛችሁ።

«ለባህር» መባሉ ትርጉም የሚኖረው በባህር ዳርቻ ለሚሠራ ወይም በጨው ክሎሪን የሚያመርት መሣሪያ የተገጠመለት መዋኛ ገንዳ ላለው ሰው ነው፤ የዚህ ገንዳ ውሃ በሊትር ከ3 እስከ 4 ግራም ጨው ይይዛል። ለእነዚህም ቢሆን ዋናው መከላከያ ራሱ አርማታው ነው። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ ውሃው፣ በአሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበት ተቆጥሮ፣ ከ20 ሊትር አይለፍ፤ የፌሮው የአርማታ ሽፋን ከ5 ሳንቲ ሜትር አይነስ። በአርማታው መገጣጠሚያ ላይ ውሃ እንዳያልፍ የሚገባው የቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) ዋተርስቶፕ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በደንብ ስለማያብጥ ፒቪሲ ወይም ለጨው ውሃ የተዘጋጀ ይሁን።

ዕቃው ትክክለኛ ሆኖም አሠራሩ ላይ ያጭበረብራሉ። ውስጡ 3 በ3፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ማጠራቀሚያ ግድግዳውና ወለሉ 39 ካሬ ነው። ሲሚንቶ አዘሉ ቅብ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲደርስ በካሬ 3.5 ኪሎ ያህል ቢፈልግ ወደ 137 ኪሎ፣ ማለትም 6 የ25 ኪሎ ከረጢት ያስፈልጋል። ሁለት ባለ20 ኪሎ ባልዲ ይዞ የመጣ ሰው ሊያደርግላችሁ የሚችለው ቀለም መቀባት ብቻ ነው። የምርቱን ዳታ ሺት (የአምራቹን መግለጫ ወረቀት) ተቀበሉ፣ ፍጆታውን በካሬው አባዙ፣ ከረጢቱን ሳይከፈት ቁጠሩ።

በልስን ወይም በድሮ ቀለም ላይ ሲቀቡ ካያችሁ አስቁሙ። ቅቡ ባዶና የታጠበ አርማታ ይፈልጋል፤ አርማታው እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር። ክሪስታላይን የሚባለው፣ አርማታው ውስጥ ክሪስታል እየሠራ የሚዘጋው ቅብ፣ እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ያለ ስንጥቅ ይደፍናል፤ የሚንቀሳቀስ ስንጥቅና ቪብሬተር ያልደረሰበትን ቀዳዳ ግን አይደፍንም። ከተቀባ በኋላም ሁለት ሦስት ቀን ውሃ ካልጠጣ አይሠራም፤ ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ሄደዋል። ውሃው ከውጭ ለሚገፋው ቤዝመንት ደግሞ በውስጥ በኩል የሚቀባው ላስቲክ መሰል ቅብ ውሃ ቋጥሮ ይላጣል። ብዙውን ጊዜ የሚያንጠባጥበው ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ማዕዘን ነው፤ ከቅቡ በፊት እዚያ 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የሞርታር ተዳፋት መሠራት አለበት።

የ10 ዓመቱ ዋስትና አምራቹ የፈረመበት፣ የዕቃውን ስምና የምርት ቁጥር የያዘና ከደረሰኝ ጋር የተያያዘ ካልሆነ ወረቀት ነው።

ማጠራቀሚያው ወይም ገንዳው ሲያልቅ ሙሉ ውሃ አስሞሉ፤ አርማታው እስኪጠጣ አንድ ሳምንት ተዉት፣ ከዚያ ደረጃውን በእርሳስ አስምሩና ሌላ ሳምንት ጠብቁ። ክፍት ገንዳ ከሆነ ፀሐይ የወሰደውን ለመለየት አጠገቡ ውሃ የሞላ ባልዲ አስቀምጡ። 2 ሜትር ጥልቀት ላለው ውሃ፣ ትነቱ ተቀንሶ፣ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከወረደ ያፈሳል። ይህ ሳይታይ ሴራሚክ አታስለጥፉ፣ ዙሪያውን አፈር አታስሞሉ፣ የመጨረሻውን ክፍያም አትልቀቁ።